«ሴት ይዘህ ነው እንዴ የምትጫወተው?»

እንደምን አመሻችሁ። ከሥራና ከትምህርት ወጥታችሁ በዚህ ሰዓት ስለመጣችሁ በጣም አመሰግናለሁ። አዳራሹ ውስጥ ሁለት ዓይነት ሰው እንዳለ ተነግሮኛል፤ ጌም የሚጫወቱና ጌም ለመሥራት የሚማሩ። የማወራው ለሁለታችሁም ነው። ለሠሪዎቹ ግን ጠንከር እላለሁ፣ ምክንያቱም ነገሩን መቀየር የምትችሉት እናንተ ናችሁ።

ጉዳዩ ሲያዩት ቀላል ነው። ጌሙ ይከፈታል፣ ካራክተር ማለትም ጌሙ ውስጥ የምትሆኑትን ሰው ምረጡ ይላል፣ ወንድ ወይም ሴት እንይዛለን፣ እንገባለን። አለቀ። ግን አያልቅም። ሁልጊዜ ከኋላ የቆመ ሰው አለ። ተራውን እየጠበቀ፣ ወይም በኢንተርኔት ከሆነ በማይክ እየሰማ፣ «ሴት ይዘህ ነው እንዴ የምትጫወተው?» ይላል። ልጁ ያፍርና ይቀይራል። ሴት ልጅ ስትጫወት ደግሞ ጥያቄው ተገልብጦ ይመጣል፤ ወንድ ስትይዝ «ለምን?» ይሏታል፣ ሴት ስትይዝ «አይ፣ ሴት ስለሆንሽ ነው» ይሏታል። እኔ ሴት ነኝ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ ጌም እጫወታለሁ፣ ሁለቱንም እየሰማሁ ነው ያደግኩት።

ይህ ጥያቄ ሁሉም ቦታ እንደማይጠየቅ ግን ልብ በሉ። እስቲ ቴከን 3ን አስቡት። በ1998 ፕሌይስቴሽን ላይ የወጣ የድብድብ ጌም ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጠራው)፤ ዕድሜያችሁ ያልደረሰ ታላላቆቻችሁን ጠይቁ። እዚያ ካሉት ሴት ተደባዳቢዎች አንዷን፣ ኒናን፣ በያዘ ልጅ ላይ ማን ሳቀ? ማንም። ኒና እጅ ጠምዝዛ፣ ክንድ ቆልፋ፣ ደጋግማ እየጣለች ነው የምትጨርሰው። ኒናን የሚችልባትን ልጅ ፕሌይስቴሽን ቤት ውስጥ ሁሉም ይፈራዋል። በ1991 የወጣው ስትሪት ፋይተር 2 ላይም ስምንት ተደባዳቢ ቀርቦ ሴቷ ቹን ሊ ብቻ ነበረች፤ የእግሯን ፍጥነት ያየ ሁሉ ግን ያዛት። አሜሪካ ውስጥ በ1988 የወጣው ሱፐር ማሪዮ ብሮስ 2 ላይ ልዕልቲቱ እንደ ማሪዮ ከሚመረጡት አንዷ ነበረች። ስትዘል አየር ላይ ለአፍታ ትንሳፈፋለች፣ ስለዚህ ገደል መሻገር ያቃተው ልጅ እሷን ይይዛል። ሴት መሆኗ ለማንም ጉዳይ አልነበረም።

ሴቷ የራሷ ችሎታ ተሰጥቷት ስትሠራ ተጫዋቹ የሚያየው ችሎታዋን ነው፣ ከኋላ የቆመውም ዝም ይላል። ጥያቄው የሚመጣው ካራክተሩ እኛን ይወክላል በሚባልበት ጌም ላይ ነው። ስም ትሰጡታላችሁ፣ ፀጉር ትመርጡለታላችሁ፣ ልብስ ትገዙለታላችሁ፤ ያኔ ሰው «አሃ፣ ይሄ አንተ ነህ» ማለት ይጀምራል።

በ2014 የታተመ አንድ ጥናት አለ፤ አጥኚዎቹ 375 ሰዎች ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት የሚባለውን፣ ብዙ ሰው በኢንተርኔት አብሮ የሚጫወተውን ጌም ሲጫወቱ ተከታተሉ። ከወንዶቹ 23 በመቶው ሴት ካራክተር ያዙ፣ ከሴቶቹ ደግሞ 7 በመቶው ወንድ ያዙ። ደስ የሚለው ክፍል ቀጥሎ ያለው ነው። ሴት የያዙት ወንዶች ሲጽፉ ቃለ አጋኖና ስሜት የሚገልጽ አነጋገር ይበዛባቸው ነበር፤ አካሄዳቸው ግን ሴት ለመምሰል የሚጥር ሰው አካሄድ አልነበረም፤ እንዲያውም ሴት ካልያዙት ወንዶች ይልቅ አብዝተው ይዘላሉ፣ ወደኋላ ይሄዳሉ፣ ከቡድኑ ራቅ ብለው ይቆማሉ። ማንንም ለማታለል አልነበረም። መልኩ ደስ አላቸው፣ ያዙ፣ ተጫወቱ። ሴት የያዘ ወንድ ላይ የምንደረድረው ትርጉም ሁሉ የእኛ ፈጠራ ነው ለማለት ይህ ይበቃኛል።

የሴቶቹ ነገር ግን ሌላ ነው፣ እዚህ ጋ ቆም ማለት እፈልጋለሁ። በ2013 የታተመ ሌላ የአሜሪካ ጥናት ሄሎ 3 የሚባል የተኩስ ጌም ላይ የተደረገ ነው። አጥኚዎቹ አንድ ዓይነት ንግግር አስቀድመው በወንድና በሴት ድምፅ ቀዱ፣ ከዚያ እየተጫወቱ በማይክ ለቀቁት። ቃሉ ያው ነው፣ ጨዋታው ያው ነው። የሴቷ ድምፅ ከወንዱ ሦስት እጥፍ የሚሆን ክፉ መልስ አገኘ። ሦስት እጥፍ! ምንም ሳታጠፋ፣ «ጎበዝ፣ እንሂድ» ስላለች ብቻ። እኔም በቡድን የሚተኮስበት የስልክ ጌም ላይ ለረጅም ጊዜ ወንድ ካራክተር ይዤ፣ ማይኬን ዘግቼ ነው የተጫወትኩት። ወንድ መሆን አምሮኝ አይደለም፤ በሰላም መጫወት ፈልጌ ነው። እዚህ የተቀመጣችሁ ሴቶች ራሳችሁን ስትነቀንቁ እያየሁ ነው። እንግዲህ ከውጭ የሚያይ ሰው የእኔን ምርጫ ቢቆጥር «ይኸው፣ ሴቶችም ወንድ ካራክተር ይመርጣሉ» ብሎ ነው የሚመዘግበው።

ዋናው ነገሬ ይሄ ነው። ሰው የሚመርጠው ከቀረበለት ውስጥ ነው፣ በቀረበለት ሁኔታ ነው። ያንን ምርጫ ቆጥሮ «የሰው ፍላጎት ይሄ ነው» ማለት ስህተት ነው፣ ይህ ስህተት ደግሞ ብዙ ሴት ካራክተር አሳጥቶናል።

ማስ ኢፌክት የሚባለውን የጠፈር ታሪክ ጌም እንውሰድ። ባዮዌር የተባለው ኩባንያ በ2007 ሲያወጣው ዋናው ሰው ኮማንደር ሼፐርድ ወንድም ሴትም መሆን ይችል ነበር። ወንዱን ማርክ ሚር፣ ሴቷን ጄኒፈር ሄል ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በድምፅ ተጫውተውታል፤ ታሪኩ ያው ነው፣ ሥልጣኑ ያው ነው፣ ሴቷ የተነፈጋት ነገር የለም። ግን ፖስተሩ ላይ ያለው ወንዱ ነው። ሽፋኑ ላይ ወንዱ። ጌሙን ስትከፍቱ ተዘጋጅቶ የሚጠብቃችሁም ወንዱ። ከዚያ ሦስተኛው ክፍል ሊወጣ ሲል ኩባንያው ሴቷን የሚይዘው ተጫዋች 18 በመቶ ያህል ነው አለ። ብዙ ሰው ያንን ቁጥር ይዞ «በቃ፣ ሴት አይፈልጉም» አለ። ሴቷ መኖሯን ሳያውቁ የገዙ ስንት እንደነበሩ ማን ጠየቀ? በ2012 ሦስተኛው ክፍል ሲወጣ ሴቷ የራሷ ማስታወቂያ ተሠራላት፣ ሽፋኑም ሲገለበጥ እሷ የምትታይበት ሆነ። በ2021 ሦስቱም ታድሰው አንድ ላይ ሲወጡ ኩባንያው እንደገና ቁጥር አወጣ፤ ሴቷን የያዙት 32 በመቶ ሆኑ። ልዩነቱን ሁሉ ያመጣው ፖስተሩ ነው አልልም፣ ተጫዋቹም ዘመኑም ተቀይሯል። ግን ያው ካራክተር ናት፣ ያው ድምፅ። የተቀየረው በዙሪያዋ ያለው ነገር ነው።

ዩቢሶፍት የሚባለው ጌም ሠሪ ኩባንያ ደግሞ በ2014 አሳሲንስ ክሪድ ከሚባለው ተከታታይ ጌሙ ዩኒቲ የተባለውን ሲያስተዋውቅ አራት ሰው አብሮ የሚጫወትበት ክፍል ነበረው፣ አራቱም ወንድ። «ሴትስ?» ሲባሉ አኒሜሽኑ ሥራውን እጥፍ ያደርገዋል አሉ። ቀድሞ እዚያው ኩባንያ በዚሁ ተከታታይ ጌም ላይ አኒሜሽን ይመራ የነበረ ባለሙያ ግን ወጥቶ ይህ የአንድ ወይም የሁለት ቀን ሥራ ነው አለ። በ2018 የዚሁ ተከታታይ ጌም ሌላ ክፍል፣ ኦዲሲ፣ መጣ፣ ካሳንድራና አሌክሲዮስ፣ እህትና ወንድም፣ ምረጡ ተባልን፣ ደስ አለን። እኔ ካሳንድራን ነው የያዝኩት፣ እስካሁን ከምወዳቸው ካራክተሮች አንዷ ናት። ከሁለት ዓመት በኋላ ብሉምበርግ የተባለው የዜና ድርጅት እንደዘገበው ግን መጀመሪያ የታሰበው ካሳንድራ ብቻዋን ዋና ሰው እንድትሆን ነበር፤ ሴት ብቻዋን አትሸጥም ተብሎ ነው ወንዱ የተጨመረው። ምርጫ ተሰጠን ብለን ያመሰገንነው፣ ለካ ከሴቷ ላይ የተቀነሰ ነበር።

ስልክ ላይ ደግሞ ጉዳዩ በገንዘብ ነው የሚመጣው። ቴምፕል ረንን የማያውቅ የለም። በ2011 ሲወጣ በነፃ የሚሰጠው ወንዱ ነበር፤ ሴቷን ለመያዝ እየሮጡ ሳንቲም ማጠራቀም ያስፈልግ ነበር። በ2015 አንዲት የ12 ዓመት አሜሪካዊት ልጅ በዚህ ተናደደችና ታዋቂ የሩጫ ጌሞችን አንድ በአንድ አውርዳ ቆጠረቻቸው። ወንድ በነፃ የሚሰጡት 90 በመቶ፣ ሴት በነፃ የሚሰጡት 15 በመቶ ሆኖ አገኘችው፣ ጋዜጣ ላይም ጻፈችው። የቴምፕል ረን ሠሪዎችም ሴት ካራክተር በነፃ እንሰጣለን አሉ። አንዲት ልጅ ናት ይህን ያደረገችው። እህት፣ ልጅ፣ የእህት ልጅ ያላችሁ ስልካችሁን ስትሰጧት ምን እንደምታገኝ አንድ ቀን አጠገቧ ቁጭ ብላችሁ እዩ።

ከሁሉ በላይ የምወደው ምሳሌ ራስት የሚባለው፣ በኢንተርኔት ከሌሎች ጋር በሕይወት ለመቆየት የሚታገሉበት ጌም ነው። እዚያ ጌም ላይ ምርጫ የለም። በ2016 ሠሪዎቹ የካራክተሩን ጾታ ከተጫዋቹ አካውንት ጋር አያያዙት፤ ወንድ ወይ ሴት ሆናችሁ ትነቃላችሁ፣ መቀየር አይቻልም። ብዙ ወንዶች ጮኹ። «ይህ እኔ አይደለሁም፣ ይህን አልመረጥኩም» አሉ። ስሜታቸውን አልንቅም፣ እውነተኛ ስሜት ነው። ግን ጂቲኤ ሳን አንድሪያስን በ2004 የተጫወተች ሴት ሁሉ ዋናውን ሰው፣ ወንዱን ሲጄን፣ ሆና ነው የተጫወተችው። በ2013 ጂቲኤ 5 ሦስት ዋና ሰዎች አመጣ፣ ሦስቱም ወንድ። ሴቶች ይህን ሲኖሩበት ስንት ዘመናቸው! እኔ በግሌ የራስትን መንገድ አልመርጥም፣ ምርጫ ይሻላል እላለሁ፤ ግን ያ ጩኸት ለእኔ ትልቅ ማስረጃ ነው፤ ነገሩ ለወንዶችም ያማል ማለት ነው።

ፊፋን ሳላነሳ ከዚህ መድረክ ብወርድ ይቅር አትሉኝም። እስከ 2015 ድረስ ፊፋ ላይ አንድም ሴት ተጫዋች አልነበረችም። ፊፋ 16 ላይ 12 የሴቶች ብሔራዊ ቡድን ገባ። ጌሙ ስሙ ተቀይሮ በ2023 ኤፍሲ 24 ተብሎ ሲወጣ ደግሞ ተጫዋቹ የራሱን ቡድን በሚያዋቅርበት አልቲሜት ቲም ውስጥ ሴቶችና ወንዶች በአንድ ቡድን ተሰለፉ፣ ብዙዎችም አጉረመረሙ። እኔ ግን ሎዛ አበራን እያየች ያደገች፣ ሉሲዎቹ ሲጫወቱ ስታዲየም የገባች ልጅ ጆይስቲክ ስትይዝ አንዲት ሴት ብታገኝ ምን ችግር አለው እላለሁ። ማጥቃት የፈለገ ያጠቃል፣ ኤምባፔን የፈለገ ኤምባፔን ይዞ ይገባል። ማንም ከማንም አልቀማም።

አሁን ለሠሪዎቹ። የምትሠሩት ጌም ላይ ምርጫ ካለ፣ ስክሪኑ ሲከፈት ማንም ተመርጦ አይጠብቅ፤ ተጫዋቹ ራሱ ይንካ። ሴቷን መጨረሻ ላይ፣ ጊዜ ከተረፈ፣ ብላችሁ አታስቀምጧት፤ አካሄዷ፣ ድምፅዋ፣ ልብሷ ከመጀመሪያው ቀን ከወንዱ እኩል በዕቅድ ይግባ፣ ያኔ «እጥፍ ሥራ» የሚባለው ነገር ያንሳል። ወንዱ ሙሉ ጥሩር ለብሶ እሷን ራቁቷን ወደ ጦርነት አትላኳት። በክፍያ አትቆልፏት። ፖስተራችሁ ላይ አውጧት። ተጫዋቹ ደግሞ ጾታ መምረጥ ካልፈለገ ዝም ብሎ መግባት ይቻለው፤ ለምሳሌ በ2020 የወጣው አኒማል ክሮሲንግ ወንድ ወይስ ሴት ብሎ ሳይጠይቅ የምትፈልጉትን መልክ ብቻ ነው የሚያስመርጠው፣ ልብሱና ፀጉሩም ለሁሉም ክፍት ነው። ያምራል፣ ይሠራል።

ለተጫዋቾቹ የምለው አጭር ነው። ጓደኛችሁ ሴት ከያዘ ይያዝ፤ ሲሸነፍ በአጨዋወቱ ቀልዱበት፣ እሱ ይፈቀዳል። በማይክ የሴት ድምፅ ስትሰሙ ለሌላው ሰው የምትሉትን በሏት፦ «ጠላት በቀኝ በኩል ነው፣ ጥይት አለሽ?» ሌላ ሰው ሲሰድባት ከሰማችሁ ደግሞ አንድ ሰው ብቻ «ተዋት፣ እንጫወትበት» ቢል ብዙ ነገር ይቀየራል፤ እኔ ላይ ሲደረግ አይቼዋለሁና ነው የምላችሁ። ፕሌይስቴሽን ቤት ያላችሁም፣ ሴቶች የሚገቡበት ቤት ይሁን። ገንዘቡ ያው ገንዘብ ነው።

የጀመራችሁትን ጌም በላፕቶፕ ይዛችሁ የመጣችሁ ልጆች እንዳላችሁ ሰምቻለሁ። ከጥያቄና መልሱ በኋላ ከበሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ እሆናለሁ፤ የካራክተር መምረጫውን ስክሪን አሳዩኝ፣ ያልጨረሳችሁትም ቢሆን። እሺ፣ ጥያቄ ያለው እጅ ያውጣ።