ጥቆማው የት ቆመ? የአሜሪካ ኮሌጅ ፉትቦልና የተሸፋፈነው ጉድ

(ምስል፦ ባዶ ስታዲየም፣ ከሰማይ የታየ)

ጤና ይስጥልኝ። ይሄ የምታዩት ቢቨር ስታዲየም ይባላል። ፔንሲልቬኒያ ውስጥ፣ ስቴት ኮሌጅ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው ያለው። ከ106 ሺህ ሰው በላይ ይይዛል። የከተማዋ ነዋሪ ሁሉ ጓዙን ጠቅልሎ ቢገባበት ግማሹን እንኳ አይሞላውም። ስታዲየሙ ከከተማው ይበልጣል ማለት ነው። ይቺን ነገር ያዙልኝ፣ ኋላ ትጠቅመናለች።

ፉትቦል ስል የኛን እግር ኳስ ማለቴ አይደለም። ሄልሜት ተደርጎ፣ ሞላላ ኳስ ታቅፎ የሚሮጥበትን ነው። አሜሪካ ውስጥ ይህ ጨዋታ ከዩኒቨርሲቲ ጋር ተጋብቷል። በብዙ ስቴቶች ከመንግሥት ተቀጣሪዎች ሁሉ ትልቁን ደሞዝ የሚበላው አገረ ገዥው አይደለም፣ የዩኒቨርሲቲው የፉትቦል አሰልጣኝ ነው። እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ነው። የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት አሰልጣኙን ይቀጥራል ይባላል። አለቃው ግን ማን ነው?

ዛሬ የማነሳው አንድ ጥያቄ ነው። አንድ ሰው ክፉ ነገር አየ። አይቶም ዝም አላለም፣ ተናገረ። ከዚያ ጥቆማው የት ቆመ?

(ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው።)

ጄሪ ሳንደስኪ ከ1969 እስከ 1999 ድረስ በፔን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ምክትል አሰልጣኝ ነበር። በ1977 "ሰከንድ ማይል" የሚባል በጎ አድራጎት ድርጅት አቋቋመ። አባት የሌላቸውን፣ ችግር ያለባቸውን ልጆች እረዳለሁ የሚል ድርጅት ነው። ከተማው እንደ ቅዱስ ነበር የሚያየው። ልጆቹን ጨዋታ ያሳያቸዋል፣ ስጦታ ይሰጣቸዋል፣ ወደ ዩኒቨርሲቲው ጂም ይወስዳቸዋል።

በ1998 አንዲት እናት ልጇ ፀጉሩ እርጥብ ሆኖ ቤት ሲገባ አየች። ጠየቀችው። ከሳንደስኪ ጋር ሻወር እንደወሰደ ነገራት። እናትየው አላንገራገረችም፣ ለዩኒቨርሲቲው ፖሊስ ደወለች። መርማሪዎች ቤቷ ተደብቀው ሳንደስኪ ሲያናግራት ሰሙ። ይቅርታ ቢደረግለት እንደሚመኝ፣ ቢሞት እንደሚሻለው ሲናገር በጆሯቸው ሰሙት። የአካባቢው ዐቃቤ ሕግ ግን ክስ አልመሠርትም አለ። ፋይሉ ተዘጋ። የመጀመሪያው ጥቆማ እዚያ ቆመ።

ሁለተኛው በ2000 ነው። ሌሊት የሚሠራ አንድ የጽዳት ሠራተኛ በፉትቦሉ ሕንፃ ሻወር ቤት ውስጥ ሳንደስኪ አንድን ልጅ ሲደፍር አየ። ደንግጦ ለባልደረቦቹ ነገራቸው። ተማከሩ። ዝም ለማለት ተስማሙ። ከመካከላቸው አንዱ ኋላ ላይ ለመርማሪዎች ሲያስረዳ፣ ይህን ነገር ማመልከት የአሜሪካን ፕሬዚዳንት እንደመክሰስ ነበር ብሏል። ሥራችንን እናጣለን ብለው ፈሩ። እኛ አገር የሹም ዶሮ እሽ አትባልም እንደሚባለው ነው። በእነሱ መፍረድ ይከብደኛል። በመጥረጊያ የሚተዳደር ሰው ከአሰልጣኙ ጋር ቢጋጭ ማን ነው የሚቆምለት?

ሦስተኛው ግን ሌላ ነው።

(ምስል፦ ረጅም ኮሪደር፣ ጫፉ ላይ አንድ መብራት)

የካቲት 2001፣ አንድ ምሽት። ማይክ መክዊሪ የሚባል ወጣት ረዳት አሰልጣኝ ወደዚያው ሕንፃ ገባ። ሻወር ቤት ውስጥ ሳንደስኪን ከአንድ ልጅ ጋር አየ። በማግስቱ ጠዋት ወደ ዋናው አሰልጣኝ ወደ ጆ ፓተርኖ ቤት ሄዶ ነገራቸው።

ፓተርኖ ማን ናቸው? ሕዝቡ "ጆፓ" ይላቸዋል። ከ1966 ጀምሮ ዋና አሰልጣኝ ናቸው። ለዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ከኪሳቸው ሚሊዮኖች ሰጥተዋል፣ በስማቸው ተሰይሟል። ሐውልታቸው እስከ 2012 ድረስ ከስታዲየሙ ፊት ቆሞ ነበር። በ2004 ቡድኑ ሲዳከም ፕሬዚዳንቱና የስፖርት ዳይሬክተሩ ቤታቸው ድረስ ሄደው ጡረታ ይውጡ ብለው ለመኗቸው። እምቢ አሉ። እምቢታቸውም ጸና። አለቃው ማን ነው ብዬ የጠየቅኩት ለዚህ ነው።

እንግዲህ ፓተርኖ ሰሙ። ለስፖርት ዳይሬክተሩ ለቲም ከርሊ ነገሩ። ከርሊና ጋሪ ሹልዝ የሚባሉት ምክትል ፕሬዚዳንት መክዊሪን አነጋገሩት። ሹልዝ የዩኒቨርሲቲውን ፖሊስ በበላይነት የሚቆጣጠሩት ሰውዬ ናቸው። ጉዳዩ ፕሬዚዳንቱ ግራሃም ስፓኒየር ዘንድም ደረሰ። አራት ሰዎች። አራቱም ስልክ አላቸው።

መጀመሪያ ለሕፃናት ጥበቃ መሥሪያ ቤት እናመልክት የሚል ሐሳብ ነበር። ከቀናት በኋላ ዳይሬክተሩ ከፓተርኖ ጋር ተነጋግሬ ሐሳቤን ቀየርኩ የሚል ኢሜይል ጻፉ። ራሱን ሳንደስኪን እናናግረው፣ እርዳታ እንደሚያስፈልገው እንንገረው፣ ልጆች ወደ ግቢ እንዳያመጣ እናስጠንቅቀው አሉ። ፕሬዚዳንቱ ተስማሙ። ያለው ስጋት አንድ ነው ብለው መለሱ፦ ሰውዬው ካልሰማን "ለምን አላመለከታችሁም" ተብለን ልንጠየቅ እንችላለን።

ይህን ኢሜይል ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ጥንቃቄ የተሞላ ነው። ትሕትናም አለው። የሌለበት ልጁ ነው። ያ ልጅ ማን ነው? ቤቱ የት ነው? ደህና ነው ወይ? ከአራቱ አንዳቸውም ልጁን ለማግኘት አልሞከሩም። ሳንደስኪ ደግሞ ቁልፉ ኪሱ ውስጥ ነበር። ከዚያ ቀን በኋላም ልጆች ላይ ጥቃት ፈጽሟል፣ የተፈረደበትም በእነዚህ ጭምር ነው።

ጥቆማው እዚያ ለአሥር ዓመት ተኛ።

የቀሰቀሱት የግቢው ሰዎች አይደሉም። በ2008 ሌላ ልጅና ሌላ እናት ተናገሩ። ስቴቱ ምርመራ ጀመረ፣ እየተንቀራፈፈም ቢሆን ቀጠለ። መጋቢት 2011 ላይ ሣራ ጋኒም የምትባል የሃያዎቹን መጀመሪያ ያልጨረሰች የሃሪስበርግ ጋዜጠኛ ምርመራው መኖሩን ይፋ አወጣች። ሰው ዝም አለ። ጆሮ ዳባ ልበስ አለ ማለት ይሻላል። ኅዳር ላይ ሳንደስኪ ሲታሰር ነው ምድር ቀውጢ የሆነችው። ልጅቷ በቀጣዩ ዓመት የፑሊትዘር ሽልማት አገኘች።

ኅዳር 9፣ 2011 ምሽት የዩኒቨርሲቲው ቦርድ ፓተርኖን በስልክ አባረራቸው። ፕሬዚዳንቱም ለቀቁ። የዚያን ሌሊት በሺዎች የሚቆጠሩ ተማሪዎች አደባባይ ወጡ። የቴሌቪዥን ጣቢያ መኪና ገለበጡ። ለተደፈሩት ልጆች ተቆጥተው እንዳይመስላችሁ። ለአሰልጣኙ ነው።

ፓተርኖ ከሁለት ወር በኋላ በካንሰር ሞቱ። ከመሞታቸው በፊት፣ አሁን ዞር ብዬ ሳየው የበለጠ ባደረግኩ ብለዋል። ቤተሰቦቻቸው ደግሞ ሸፋፍነዋል የሚለውን ክስ እስከ መጨረሻ አልተቀበሉም። ሳንደስኪ ሰኔ 2012 ከ48ቱ ክሶች በ45ቱ ጥፋተኛ ተባለ። ከ30 እስከ 60 ዓመት ተፈረደበት። እሱም ንጹህ ነኝ እንዳለ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ማን ከፈለ?

ኤንሲኤኤ የሚባል የኮሌጅ ስፖርት ማኅበር አለ። ሐምሌ 2012 ዱላውን አነሳ። 60 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት። ለአራት ዓመት ከማጠቃለያ ጨዋታዎች እገዳ። የስኮላርሺፕ ቅነሳ። ከ1998 እስከ 2011 የተገኙ 112 ድሎች ከመዝገብ ተሰረዙ። ሲሰሙት ከባድ ነው። ግን በዚያ ዓመት ቡድኑን የተቀላቀለ ተማሪ በ2001 የሰባት ዓመት ልጅ ነበር። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይሏል ይሄ ነው። የድሎቹ ስረዛማ ይገርመኛል። ጨዋታውን ሕዝብ አይቶታል፣ ቲኬቱ ተሽጧል፣ ገንዘቡ ተበልቷል። የተሰረዘው ወረቀት ላይ ያለው ቁጥር ነው። እሱም ቢሆን በ2015 በስምምነት ተመለሰ። እገዳው ከዚያ ቀደም ብሎ ተነስቷል።

ሦስቱ ባለሥልጣናት? ሕፃናትን ለአደጋ በማጋለጥ፣ ያውም በቀላል ወንጀል ደረጃ፣ ተፈረደባቸው። ሁለቱ በ2017 ጥፋታቸውን አምነው ወራት ታሰሩ። ፕሬዚዳንቱ ዓመታት ተከራክረው በ2021 ገቡ። 58 ቀን።

ለእኔ የቀጡት ሌሎቹ ናቸው። ከ30 በላይ ተጎጂዎች ዩኒቨርሲቲውን በካሳ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስከፍለውታል። የፌዴራሉ ትምህርት ሚኒስቴርም በ2016 ወደ 2.4 ሚሊዮን ዶላር ቀጥቶታል። የቀጣው በ1990 በወጣ ሕግ ነው፣ በማደሪያ ክፍሏ ውስጥ በተገደለች ጂን ክሌሪ በምትባል ተማሪ ስም የሚጠራ። ዩኒቨርሲቲዎች ግቢያቸው ውስጥ የተፈጸመ ወንጀልን እንዳይደብቁ ያስገድዳል። ፔንሲልቬኒያም ሕጓን ቀየረች። ድሮ የድርጅት ሠራተኛ ለአለቃው ከነገረ ግዴታውን ተወጣ ይባል ነበር። አሁን ያየው ሰው ራሱ በቀጥታ ለስቴቱ ማመልከት አለበት። አለቃ በመካከል የለም። ከቅጣቱ ሁሉ ይህቺን አንዲት የሕግ ለውጥ እመርጣለሁ።

ኤንሲኤኤስ ምን ተማረ? እዚህ ላይ ትንሽ ልሳቅ። ይህ ማኅበር በ1987 የሳውዘርን ሜቶዲስት ዩኒቨርሲቲን ፉትቦል ለአንድ ሙሉ ዓመት ዘግቶታል። ጥፋቱ ለተጫዋቾች በድብቅ ገንዘብ መክፈል ነበር። የኦሃዮ ስቴት ተጫዋቾች ቀለበታቸውን ሸጠው፣ በነፃ ንቅሳት ተነቅሰው አምስት ጨዋታ ታግደዋል። የማኅበሩ የደንብ መጽሐፍ በገንዘብና በንቅሳት የተሞላ ነበር። ሰው መድፈርን የሚቀጣ ገጽ ግን ቢፈልጉ አይገኝም ነበር።

የምሬን ነው። ቴክሳስ ዌኮ ያለው ቤይለር ዩኒቨርሲቲ በ2016 ተናወጠ። ተማሪዎች በፉትቦል ተጫዋቾች ተደፈርን ብለው ሲናገሩ ሰሚ አጥተው ነበር። አሰልጣኙ አርት ብራይልስ ተባረሩ፣ ፕሬዚዳንቱም ከሥልጣን ወረዱ። ፕሬዚዳንቱ ማን ቢሆኑ ጥሩ ነው? ኬን ስታር። የቢል ክሊንተንን ገመና በመቶዎች በሚቆጠር ገጽ ጽፈው ለዓለም ያስነበቡት ኬን ስታር! በቤይለር ግን የተቀጠሩት የሕግ ባለሙያዎች ውጤቱን ለቦርዱ በቃል ነው የነገሩት። ሙሉ ሪፖርት አልተጻፈም። ለሕዝብ የወጣው 13 ገጽ ብቻ ነው። የፔን ስቴት ምርመራ 267 ገጽ ነበር፣ ኢሜይሎቹም የወጡት በዚያ ነው። ወረቀት ጠላት መሆኑን የተማረ ሰው አለ ማለት ነው። ኤንሲኤኤ በ2021 የቤይለርን ጉዳይ ሲዘጋ፣ የጥቃት ክሶቹን የያዘበት መንገድ የኛን ደንብ አይጥስም አለ።

(ምስል፦ የሜሪላንድ አውራ ጎዳና፣ የኮሌጅ ፓርክ ምልክት)

ለዲሲ አካባቢ ተመልካቾቼ ቅርብ የሆነውን ልጨምር። የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ያለበት ኮሌጅ ፓርክ ከሲልቨር ስፕሪንግ በመኪና ቅርብ ነው፣ የኛም ልጆች ይማሩበታል። ግንቦት 29፣ 2018 ጆርዳን መክኔር የሚባል የ19 ዓመት ተጫዋች በሩጫ ልምምድ መሃል ሙቀት መታው። በበረዶ ውሃ ውስጥ መነከር ነበረበት፣ አልተነከረም። አምቡላንስ የተጠራው አንድ ሰዓት ገደማ ካለፈ በኋላ ነው። ሰኔ 13 ሞተ።

ፕሬዚዳንቱ ዋላስ ሎህ ነሐሴ ላይ ወላጆቹን አግኝተው ሕጋዊውንም ሞራላዊውንም ኃላፊነት እንወስዳለን አሉ። እንዲህ ያለ ቃል ከዩኒቨርሲቲ አፍ ብርቅ ነው። ግን እሳቸውም ከደሙ ንጹህ አይደሉም። ከአንድ ዓመት በፊት የስፖርተኞች ሕክምና በባልቲሞር ባለው የሕክምና ትምህርት ቤት ሥር ይሁን የሚል ሐሳብ ቀርቦላቸው ሳይቀበሉ ቀርተዋል። ሐኪሙ አሰልጣኙን የማይፈራበት መንገድ ቀርቦ ነበር ማለት ነው። በኋላ የተቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን ደግሞ ተጫዋቾች ለመናገር ስለሚፈሩ ችግሩ ውስጥ ውስጡን ሲብላላ ኖሯል ብሎ ጻፈ።

ጥቅምት 30 የበላይ ቦርዱ ውሳኔውን አሳወቀ። አሰልጣኙ ዲጄ ደርኪን ወደ ሥራው ይመለስ። ጡረታ እወጣለሁ ያሉት ፕሬዚዳንቱ ናቸው።

በዚያው ቀን አሰልጣኙ ቡድኑን ሰብስቦ ሲያናግር ጥቂት ተጫዋቾች ከመቀመጫቸው ተነሱ። ስብሰባውን ጥለው ወጡ። ተማሪዎች፣ ፖለቲከኞች፣ የሟቹ ወላጆች ጮኹ። በማግስቱ፣ ጥቅምት 31፣ ሎህ ቦርዱን ሳያስፈቅዱ አሰልጣኙን አባረሩት። በሦስተኛው ቀን የቦርዱ ሰብሳቢ ራሳቸው ለቀቁ።