ግንድ ሥር ያለችው እንሽላሊት

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። የማወራችሁ ደግሞ ስለ እንሽላሊት ነው። አትሳቁብኝ እሺ።

ሳይንሳዊ ስሟ ሌፒዶፊማ ፍላቪማኩላቱም ነው። ምላስ ያስራል አይደል? ከሜክሲኮ እስከ ፓናማ ባሉ እርጥብ ደኖች ትኖራለች፤ የበሰበሰ ግንድ ሥር፣ የድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ። ጠቆር ያለች ናት፤ ቢጫ ነጠብጣብ አላት። የዓይን ቆብ ግን የላትም። ዓይኗ ላይ እንደ መስታወት የጠራ ቅርፊት አለ። ሲቆሽሽባት ምላሷን አውጥታ ትልሰዋለች። ቪዲዮውን ደጋግሜ አይቼዋለሁ፣ ምን ላድርግ!

ቀን ስለማትታይ የሌሊት ፍጥረት ናት ተባለላት። ዘመዶቿ ግን ብዙዎቹ ቀንም ይንቀሳቀሳሉ፤ ብቻ ከተሸሸጉበት ሳይወጡ ነው።

እኔም ቤት ወዳድ ነኝ። እናቴ በደወለች ቁጥር «ምነው ልጄ፣ ወጣ ብለሽ ነፋስ ብትቀበዪ» ትለኛለች። ቤት የተቀመጠ ሰው ሁሉ የከፋው ይመስላታል። እኔ ግን አልከፋኝም። ሥራ አለኝ፣ ሻይ አለኝ፣ ከእናንተ ጋር አወራለሁ።

ይቺ እንሽላሊት ደግሞ ከእኔ ትብሳለች። ፓናማና ኮስታ ሪካ ውስጥ ሴቶች ብቻ የሚኖሩባቸው ቦታዎች አሉ። ያለ ወንድ ይራባሉ። እንቁላልም አይጥሉም፤ ይወልዳሉ። ባል ፍለጋ እንኳ መውጣት ቀረላቸው ማለት ነው።

ዳይኖሰሮችን የጨረሰው አስትሮይድ የዛሬ 66 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የወደቀው እዚያው ሜክሲኮ፣ ዩካታን ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣ ጥናት እንደሚለው፣ የእነዚህ እንሽላሊቶች ቅድመ አያቶች አደጋው በወደቀበት አካባቢ እየኖሩ ተርፈዋል። በአንዴ ብዙ ስለሚወልዱ ነው እንዳይባል፣ የሚወልዱት ጥቂት ነው። ቀስ ብሎ መኖርና ስንጥቅ ውስጥ መግባት ሳይጠቅማቸው አልቀረም።

ይህን ለእናቴ ብነግራት «አንቺ ላይ አስትሮይድ አይወድቅ!» ነው የምትለኝ። እውነቷን ነው።

አንድ ዘመዷን ግን ሳልነግራችሁ አልሄድም። ሌፒዶፊማ ስሚቲ ትባላለች። ሜክሲኮ፣ ጌሬሮ ግዛት ውስጥ ዋሻ ውስጥም ትገኛለች። ከዋሻው በላይ የሾላ ዓይነት ዛፍ አለ። ፍሬው ሲበስል ወደ ውስጥ ይወድቃል፤ እሷም ትበላዋለች። ዴሊቨሪ በሉት። ይቺኛዋን ለእናቴ ጭራሽ አላነሳትም።