የኦፒዮይድ ተቀባዮች በፍርሃት፣ በጭንቀትና በውጥረት ውስጥ፤ ለድንገተኛ ክፍልና ለአእምሮ ሕክምና ባለሙያዎች የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣ ውድ ተማሪዎች፤

በድንገተኛ ክፍል ለሠራ ሰው እንግዳ ባልሆነ ነገር ልጀምር። በመኪና አደጋ እግሩ የተሰበረ አባት አንዳንድ ጊዜ ስለ እግሩ ሳይሆን አብሮት ስለተሳፈረው ልጁ እየጠየቀ ይገባል፤ ማቃሰት የሚጀምረው የልጁን ደኅንነት ሰምቶ፣ ሰውነቱ ሲበርድ ነው። አሜሪካዊው የማደንዘዣ ሐኪም ሄንሪ ቢቸር ተመሳሳይ ነገር በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አይቶ እ.ኤ.አ. በ1946 ጽፏል፤ ክፉኛ ከቆሰሉት ወታደሮች አብዛኞቹ ማስታገሻ ይፈልጉ እንደሆነ ሲጠየቁ አንፈልግም ብለው ነበር። ቢቸር ምክንያቱን የፈለገው ወታደሩ ለቁስሉ በሰጠው ትርጉም ውስጥ ነው፤ የአንጎሉ ኬሚስትሪ ገና አልታወቀም ነበርና።

እ.ኤ.አ. በ1973 በባልቲሞር፣ በኒውዮርክና በስዊድኗ ኡፕሳላ የነበሩ ሦስት ቤተ ሙከራዎች፣ ኦፒዮይድ የምንላቸው ሞርፊንና መሰሎቹ የሚያርፉባቸው ተቀባዮች በአንጎል ውስጥ መኖራቸውን አሳዩ። አንጎላችን ሞርፊን ለሚገኝበት ተክል ጭማቂ መቀበያ ያዘጋጀው ለምንድን ነው የሚለው ጥያቄ ወዲያው ተከተለ፤ መልሱ ከሁለት ዓመት በኋላ ከስኮትላንዷ አበርዲን መጣ። ጆን ሂዩዝና ሃንስ ኮስተርሊትዝ ከአሳማ አንጎል ኢንኬፋሊን የተባሉ፣ እያንዳንዳቸው ከአምስት አሚኖ አሲዶች የተሠሩ ሁለት ንጥረ ነገሮችን ለዩ። ተቀባዩ የተሠራው ለተክሉ ሳይሆን አካላችን ራሱ ለሚያመርተው ነበር ማለት ነው። ዛሬ ሚው፣ ዴልታና ካፓ የተባሉትን ሦስት ዋና ተቀባዮች እናውቃለን፤ ኋላ የተገኘ አራተኛ ዘመድም አላቸው፤ እሱን ዛሬ አልፈዋለሁ።

እነዚህ ተቀባዮች የሕመም ማስታገሻ ብቻ እንዳልሆኑ ከሚያሳዩት ነገሮች እኔን ሁልጊዜ የሚደንቀኝ አንድ ነው። ውጥረት ሲያጋጥመን የፒቱታሪ ዕጢ አድሬናል ዕጢን ኮርቲሶል እንዲያመነጭ የሚያዝዘውን ኤሲቲኤች የተባለ ሆርሞን ይለቃል። ይህ ሆርሞንና ከአካላችን ኦፒዮይዶች አንዱ የሆነው ቤታ ኢንዶርፊን የሚቆረጡት ከአንድ እናት ፕሮቲን ነው፤ በውጥረት ጊዜም አብረው ወደ ደም ይገባሉ። የማንቂያው ደወልና የማስታገሻው እጅ መንትዮች ናቸው።

ፍርሃት ሕመምን ለምን ያፍናል? ሮበርት ቦልስና ማይክል ፋንስሎው እ.ኤ.አ. በ1980 ያቀረቡት መልስ ቀላልና ጠንካራ ነው። ሕመም ተኛ፣ ቁስልህን አስታም ይላል፤ ፍርሃት ግን ራስህን አድን ይላል፤ አዳኙ ገና አጠገቡ ሳለ ቁስሉን የሚያስታምም እንስሳ አይተርፍም። እንደተባለውም፣ የኤሌክትሪክ ንዝረት ከተቀበለበት ሳጥን ጋር ፍርሃትን ያያያዘ አይጥ ወደዚያ ሳጥን ሲመለስ የሕመም ስሜቱ ይቀንሳል፤ የኦፒዮይድ ተቀባዮችን የሚዘጋው ናሎክሶን ሲሰጠው ግን ይህ ቅነሳ ይጠፋል።

ከዚህ ይልቅ ለአእምሮ ሕክምና የሚጠቅመው ሁለተኛው ግኝት ይመስለኛል። አይጡ የሚፈራውን ድምፅ ንዝረት ሳይከተለው ደጋግሞ ሲሰማ ፍርሃቱ እየበረደ ይሄዳል፤ የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ታካሚን ቀስ በቀስ ከሚፈራው ነገር ጋር ሲያገናኙ የሚመኩበት ትምህርት ይኸው ነው። በአውስትራሊያ ማክናሊና ዌስትብሩክ እንዳሳዩት ናሎክሶን ይህንን ትምህርት ያደናቅፋል፤ አይጡ ድምፁን ይሰማል፣ ንዝረት አይመጣም፣ ግን መፍራቱን አይተውም። የጠበቅነው ክፉ ነገር ሳይመጣ ሲቀር «አልመጣም» ብሎ ለአንጎል የሚመሰክረው አንዱ መልእክተኛ የራሳችን ኦፒዮይድ ነው ማለት ነው።

እስካሁን የተናገርኩት ኦፒዮይድን ወዳጅ ብቻ አስመስሎት ይሆናል፤ ካፓ ግን ሌላ ነው። የሲያትል ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2008 እንዳሳዩት፣ በውጥረት ጊዜ የሚለቀቀው ሲአርኤፍ የተባለ የአንጎል መልእክተኛ፣ ዳይኖርፊን የተባለውን ኦፒዮይድ ያስነሳል፤ ዳይኖርፊንም ካፓን ሲያነቃ የውጥረት መራራ ስሜት ይፈጠራል፤ አይጦቹም ከዚያ ስሜት ጋር የተያያዘውን ሽታ ይሸሻሉ። በዴልታና በሚው መካከልም ነገሩ እንደምንጠብቀው አይደለም። በስትራስቡርግ እ.ኤ.አ. በ2000 በወጣው ጥናት ዴልታ የሌላቸው አይጦች ይበልጥ ተጨናቂዎች ሲሆኑ፣ ሚው የሌላቸው ግን ተቃራኒውን አሳይተዋል። «ኦፒዮይድ ያረጋጋል» የሚለውን አባባል ከማስተማሪያ ጽሑፎቻችን ማውጣት የሚገባን ለዚህ ነው።

በሰው ላይስ? እ.ኤ.አ. በ1990 በታተመ ጥናት፣ በቬትናም ዘምተው ከአሰቃቂ ክስተት በኋላ በሚከተለው፣ ፒቲኤስዲ በምንለው ሕመም የሚሠቃዩ ስምንት ሰዎች የጦርነት ፊልም ካዩ በኋላ የሙቀት ሕመምን በ30 በመቶ ያነሰ ብለው ገመገሙ፤ ናሎክሶን ሲወስዱ ቅነሳው አልታየም። ከሃያ ዓመት በኋላ ደግሞ ኢራቅ ውስጥ በቆሰሉ 696 የአሜሪካ ወታደሮች ላይ የተደረገ ጥናት ወጣ፤ ፒቲኤስዲ ከያዛቸው ውስጥ 61 በመቶው፣ ካልያዛቸው ውስጥ ግን 76 በመቶው ከቁስሉ በኋላ ወዲያው ሞርፊን ተሰጥቷቸው ነበር። ይህ ዝምድናን እንጂ መንስኤን አያረጋግጥም፤ ቢሆንም የቆሰለን ሰው ሕመም «ይቻለዋል» ብሎ ማቆየት ጉዳት እንደሌለው ነገር አድርጎ መቁጠር አይቻልም።

በሌላ በኩል «ትራማዶል ካልወሰድኩ ጭንቀቴ አይበርድም» የሚል ታካሚ ሲገጥማችሁ አትደነቁ፤ ደግሞም አትስማሙ። ትራማዶል የተባለው የሕመም ማስታገሻ ሚውን ከማንቃቱ ሌላ ሴሮቶኒንና ኖራድሬናሊን የተባሉትን የአንጎል መልእክተኞች ስለሚጨምር የተወሰነ እፎይታ ይሰጣል። ኦፒዮይድ ለምዶ ሲቋረጥ ግን በአንጎል ግንድ የሚገኘውና ኖራድሬናሊን የሚረጨው ሎከስ ሴሩሊየስ ታፍኖ እንደቆየ ሁሉ ይፈነዳል፤ ታካሚው ላብ የሚያጠምቅ፣ የሚያንቀጠቅጥና እንቅልፍ የሚነሳ ጭንቀት ውስጥ ይገባል፤ ያንንም የቀድሞው ሕመሙ መመለስ አድርጎ ይረዳዋል። መጠኑ ቀስ በቀስ መቀነስ ያለበት፣ ይህም ከመጀመሪያው ቀን ሊነገረው የሚገባው በዚህ ምክንያት ነው።

ካፓን በመዝጋት ድብርትን ለማከም የተሞከረው አቲካፕራንት በመጨረሻው የሙከራ ደረጃ በቂ ውጤት ባለማሳየቱ እ.ኤ.አ. በ2025 ጥናቱ ተቋርጧል። ስለዚህ ነገ ጠዋት በመድኃኒት ቤታችን መደርደሪያ ላይ የምናገኘው አዲስ መድኃኒት የለም፤ ያለን ሞርፊን፣ ናሎክሶንና ታካሚውን የምንጠይቅበት አንደበታችን ነው። ጥያቄያችሁን ለመቀበል ዝግጁ ነኝ፤ ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ።