ጠርታችሁ ንገሩት

የተከበራችሁ መምህራን፣ የኮሜርስ የቀድሞ ተማሪዎች፣ ዘንድሮ የምትመረቁ ልጆቻችን፣ እንደምን አደራችሁ።

አዘጋጆቹ «በሥራ ዓለም ስለ መሳካት ተናገሪልን» ብለው ሃያ ደቂቃ ሰጥተውኛል። በእኛ ስብሰባ ሃያ ደቂቃ ከተሰጣችሁ ግማሹ ለማይክሮፎኑ ነው። ስለዚህ ቶሎ ልግባ።

ይህ የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት፣ ኮሜርስ፣ እ.ኤ.አ. በ1943 ከተከፈተ ጀምሮ ለአገሪቱ መሥሪያ ቤቶች ሒሳብ ሠራተኛና ጸሐፊ ሲያወጣ ኖሯል። እኛ ስንማር ንግድ ባንክ ማለት ክቡ ህንፃ ነበር። አሁን በ2014 ዓ.ም የተመረቀው ረጅሙ ፎቅ አለ። ሰንጋ ተራን ዞር ዞር ብትሉ የባንክና የኢንሹራንስ ዋና መሥሪያ ቤት ነው። ብዙዎቻችሁ ሲቪያችሁን የምታስገቡት በእግር በሚዳረስ ሰፈር ውስጥ ነው። እዚህ ያለው ሥራ አስኪያጅ እዚያ ያለውን ያውቀዋል። አብረው ተምረዋል፣ አብረው ዕቁብ ይጥላሉ፤ ሌላው ቢቀር ስልክ ቁጥሩ አለው። የመጣሁት ስለዚያ ስልክ ልናገር ነው።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011፣ ሠራተኛ ሥራ ሲለቅ የምስክር ወረቀት በነጻ ይሰጠው ይላል። ወረቀቱ ላይ የሚጻፈው ምን ሥራ እንደሠራ፣ ስንት ጊዜ እንዳገለገለና ስንት ይከፈለው እንደነበር ነው። ጠባዩ አይጻፍም። ጠባዩ የሚነገረው በስልክ ነው፤ ያውም እሱ በሌለበት።

አንድ ጊዜ የቅጥር ኮሚቴ አባል ነበርኩ። የምንፈልገው የንብረት ክፍል ኃላፊ ነው። አንድ ልጅ መጣ። የጽሑፍ ፈተናውን አንደኛ ወጣ። ቃለ መጠይቁ ላይ ረጋ ብሎ፣ የማያውቀውን አላውቅም እያለ መለሰ። ፋይሉ ውስጥ የቀድሞ መሥሪያ ቤቱ የሞላለት ውጤት ተኮር ምዘና አለ፤ ከ90 በላይ፣ ፊርማና ማህተም ያለበት። ሁላችንም ተስማማን። ሰብሳቢያችን «ለማንኛውም ልደውል» አለና ስልኩን ስፒከር ላይ አደረገው። ወዲያ ማዶ ያለው አለቃ ስለ ጤና፣ ስለ ልጆች፣ ስለ ዝናቡ ጠያየቀ። ስለ ልጁ ሲጠየቅ ግን ዝም አለ። ከዚያ፣ «ሥራውን ይችላል። ግን ትንሽ አስቸጋሪ ነው። መቼም ይገባሃል» አለ።

በቃ፣ አለቀ። «ምን አድርጎ ነው አስቸጋሪ የተባለው? እንደገና ደውለን እንጠይቅ» ብዬ ተከራከርኩ፤ በድምፅ ተበለጥኩ። ሁለተኛ የወጣው ተቀጠረ።

ቆይቶ፣ ያንን መሥሪያ ቤት ኦዲት ያደረገ ወዳጄ ነገሩን አጫወተኝ። የልጁ አስቸጋሪነት ምን መሰላችሁ? ግማሹ ዕቃ መጋዘን ሳይገባ፣ ሙሉው እንደገባ አድርገህ ሞዴል 19፣ ማለትም የዕቃ መረከቢያ ደረሰኝ፣ ቁረጥ ቢባል «አልቆርጥም» ማለቱ ነው! እዚህ አዳራሽ ውስጥ የንብረት አስተዳደር የምታስተምሩ አላችሁ። ለዚህ መልስ ክፍል ውስጥ ማርክ ትሰጣላችሁ አይደል? እሱ እንጀራውን አጣበት። አሁን የት እንዳለ አትጠይቁኝ፤ ላወራ አላስፈቀድኩትም።

እንግዲህ አለቆች፣ ወደ እናንተ ልምጣ። ታውቁኛላችሁ፣ ሸፋፍኜ አልናገርም። ምዘና ቅጹ ላይ 94 ሞልታችሁ፣ ፈርማችሁ፣ በስልክ «አስቸጋሪ ነው» የምትሉ ሰዎች፣ ከሁለቱ በአንዱ ዋሽታችኋል! ቆዩ፣ አታጨብጭቡ፤ ከምታጨበጭቡት ውስጥም አላችሁበት። ሰው ካጠፋ ጠርታችሁ ንገሩት። ያው ያልኳችሁ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ እስከ 60 የሥራ ቀን የሙከራ ጊዜ ሰጥቷችኋል። መንግሥት መሥሪያ ቤት ደግሞ ከዚያም ይረዝማል። በዚህ ሁሉ ጊዜ አንድ ሰው ቢሮ አስገብቶ፣ በር ዘግቶ፣ «ይሄ ሥራህ አላማረኝም» ማለት እንዴት ያቅታል? አይ፣ ይሉኝታ ይይዘናል። ፊት ለፊት ማኪያቶ እንጋብዘዋለን፣ ዞር ሲል ስሙን እንጨርሰዋለን። ከዚያ «ግልጽ የሥራ ግንኙነት» የሚባል ሥልጠና ላይ ተቀምጠን አበል ፈርመን እንወጣለን።

መልካም ስም ከመልካም ሽቶ ይሻላል ተብለን ያደግን ሰዎች፣ የሰው ስም በአንድ «መቼም ይገባሃል» እናጠፋለን። አልገባንም! የሚያውቅ ካለ ድርጊቱንና ቀኑን ይናገር።

ሌሎቹን ነጥቦች ቶሎ ቶሎ ልበል። የቢሮ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ሠራተኛ አይወቀስም፤ ሲመሰገን ግን እዚያው ይመስገን። ሲቪ ላይ ያልሠራችሁትን አትጻፉ፤ ስልኩ አለ ብያለሁ። ገንዘብ ያዥ ወይም ንብረት ክፍል ከሆናችሁ ዋስ አምጡ ትባላላችሁ። ዋሳችሁ የሚያሲዘው ደመወዙን ነው፤ ከፈረመላችሁ በኋላም ደውሉለት። ስለ አለባበስም ተናገሪ ተብዬ ነበር። ንጹህ ይሁን፣ በቃ።

ተመራቂዎች፣ ሥራ ስትለቁ አለቃችሁን «ስለ እኔ ሰው ቢደውልልዎት ምን ይላሉ?» ብላችሁ ጠይቁ። ፊቱ ይለዋወጥ ይሆናል። ግድ የለም፣ ጠይቁት። የምዘናችሁን ኮፒ ያዙ። የምስክር ወረቀታችሁን ማህተም ሳታስመቱ ግቢውን አትልቀቁ።

ቀጣሪዎች ደግሞ ስትደውሉ ሦስት ነገር ጠይቁ። ምን አደረገ? መቼ? ለራሱ ነግራችሁት ታውቃላችሁ? ሦስተኛው ላይ ስትደርሱ ብዙዎቹ «ኔትወርኩ ተቆራረጠ» ይሏችኋል። መልሳችሁ ደውሉ።

አመሰግናለሁ።