ካፖ «ቁረጠው» ያሉኝ ነገር

እሺ፣ ሰላም ሰላም፣ እንዴት ናችሁ። ዛሬ ስለ ሞተሩ ነበር ላወራችሁ ቃል የገባሁት፣ የቶዮታ ዲኤክሱ ሞተር ገባ ወይስ አልገባም እያላችሁ ስትጨቀጭቁኝ ስለነበር። ገብቷል፣ ማለቴ ተቀምጧል፣ ገና አልታሰረም፣ እሱን ትንሽ እናቆየው። ሌላ ነገር ነው የያዘኝ። ካፖ፣ ላሜራ መቀጥቀጥ ያስተማሩኝ ሽማግሌ፣ አንድ ነገር አሉኝ፣ ከዛ ቀን ጀምሮ ጋራዥ ስገባም ልተኛ ስልም እሱ ነው የሚመላለስብኝ፣ ለማን እንደማወራው ግራ ሲገባኝ ለናንተው ላውራው አልኩ።

አይጢትን ታውቋታላችሁ፣ ያቺን ትንሿን የድሮ ፊያት ቶፖሊኖዬን። የግራ ጎኗን ቀለም እያስለቀቅኩ ነበር፣ ከበሩ ኋላ፣ ከፓራፋንጎው ከፍ ብላ ያለችውን ቦታ። ላይዋ ግራጫ ነው፣ ከስሩ ሰማያዊ፣ ከሱ ስር ደግሞ አረንጓዴ፣ ከዛ ወፍራም ስቱኮ። ስቱኮው ሲነሳ ቢጫ መስመር ወጣች። ናስ። አንድ ሰው ድሮ የተበላውን ቆርጦ አውጥቶ፣ ሁለት መዳፍ የሚሆን ላሜራ በልኩ ሠርቶ፣ ዙሪያውን በናስ በይዶታል። መስመሯ ሳትሰፋ ሳትጠብ ነው የዞረችው። በውስጥ በኩል እጄን ሳስገባ የመዶሻው ምት ጣቴ ስር ይቆጠራል፣ ትንንሽ ነው፣ አንዱ የሌላውን ግማሽ እየደረበ በመደዳ የሄደ። ወላሂ ደስ ነው ያለኝ። ካፖ ይምጡማ ይዩልኝ ብዬ ጮህኩ።

መጡ። መነጽራቸውን አወለቁ፣ ላሜራ ሲያዩ ሁሌ ያወልቁታል፣ ላሜራ በዓይን አይታይም ነው የሚሉት ያው ታውቃላችሁ። ግራ እጃቸውን በውስጥ በኩል ሰደዱ። እኔ መብራቱን ይዤ ቆሜያለሁ። ከላይ ወደ ታች ዳሰሱት፣ ከዛ ተመልሰው ወደ ላይ፣ ከዛ አንዲት ቦታ ላይ ቆዩ፣ ረጅም ጊዜ ቆዩ። «ይሄ የአለቃዬ እጅ ነው» አሉ።

እንዴት አወቁ ካፖ ስላቸው፣ ሰውየው ግራኝ ነበሩ አሉኝ። የመዶሻው ፊት ላሜራው ላይ ሲያርፍ ወደያዘው እጅ በኩል ትንሽ ጠለቅ ይላል፣ የኔና የሳቸው ወደ አንድ ጎን ነው፣ ይሄ ወደ ሌላው። በስልኬ መብራት በጎን አበራሁበት፣ እውነት ነው፣ ጥላው በተቃራኒ ነው የሚወድቀው። ብዙ ዓመት ሆኖታል እኮ፣ ሰውየው በሕይወት የሉም፣ ካፖ እራሳቸው ሽማግሌ ሆነዋል፣ እና በጣታቸው አወቋቸው።

ከዛ እጃቸውን አወጡ፣ በጨርቅ ጠረጉት፣ «ቁረጠው» አሉኝ።

ይኸው ነው። ዙሁር ደርሶ ነበር፣ ተጣጥበው ወደ መስጂድ ሄዱ። ሲመለሱ ስለ ፊት ባሌስትራው ነው ያወሩት፣ አይጢት ከፊት አንድ ባሌስትራ በአግድም ነው ያላት፣ የዲኤክሱን ሞተር ክብደት ትሸከመዋለች ወይ አትሸከምም የሚለውን፣ በደንብ አስረዱኝ፣ አንድም ነገር አልሰማሁም።

አሁን አንዳንዳችሁ ምክንያቱ ግልጽ ነው ትላላችሁ፣ ልክ ናችሁ፣ እኔም መጀመሪያ ያልኩት እሱን ነው። ናስ ካለበት አጠገብ ብረት በብረት መበየድ አይቻልም። ብረቱ የሚቀልጠው 1,500 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ናሱ ውስጥ ያለው ዚንክ ግን 907 ላይ ይፈላል፣ ስለዚህ ብየዳው ይንተከተካል፣ ቀዳዳ ቀዳዳ ይሆናል፣ ሲበርድ ይሰነጠቃል፣ ያ ነጭ ጭስ ደግሞ ማታ እንደ ወባ ነው የሚያንቀጠቅጣችሁ። እኔ እዛች ጋ አዲሱን የኋላ ፓራፋንጎ ላገናኝ ነው፣ ናሱ ካልወጣ አይሆንም። ስለዚህ ቁረጠው። የባለሙያ መልስ ነው።

ግን የባለሙያ መልስ ሲሰጡ አውቃቸዋለሁ። ምክንያቱን ሳይናገሩ አያልፉም። ኤሌክትሮድ ቁጥር ሲቀይሩ እንኳን ለምን እንደሆነ ቁጭ አድርገው ነው የሚያስተምሩት። እዚህ ላይ ምንም አላሉም። ድምፃቸውም... ላስመስልላችሁ ብል አልችልም። ዝግ ብሎ ነው የወጣው፣ ፊታቸውን ወደኔ ሳያዞሩ።

ቆይ፣ አንድ ነገር ልመልስ፣ ባለፈው አንዱ አድማጭ ሆት ሮድ መሥራት፣ ያው የድሮ መኪና ቆርጦ ጉልበተኛ ሞተር መጫን፣ መኪናዋን ማበላሸት ነው፣ ለምን እንደነበረች አትመልሳትም ብሎኝ ነበር። በቁም ነገር ነው የጠየቀው፣ በቁም ነገር ልመልስለት። ቶፖሊኖ በፈረንጆች 1936 ከፊያት ስትወጣ 569 ሲሲ ናት፣ 13 የፈረስ ጉልበት። ደሴ ከባሕር ጠለል 2,500 ሜትር አካባቢ ነው፣ እዚህ አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተር ከጉልበቱ ወደ ሩብ የሚሆነውን ያጣል። ቀሪውን አስሉት፣ ከዛ ከኮምቦልቻ ተነስታችሁ ሐረጎን ውጡ። እንደነበረች ብመልሳት ቆማ የምትታይ ነው የምትሆነው፣ እኔ ደግሞ እንድትሄድ ነው የምፈልገው። እና እነዛ ካሊፎርኒያ ያሉት ልጆች የጀመሩት እኮ በዚሁ ነው፣ ፎርድ በፈረንጆች 1932 ቪ-ኤይት፣ ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር፣ ርካሽ መኪና ላይ አወጣ፣ 65 የፈረስ ጉልበት፣ ያረጀችዋን እየገዙ ፓራፋንጎውን ፈትተው ጥለው፣ ጣራውን ቆርጠው ዝቅ አድርገው፣ ሙሮክና ኤል ሚራጅ የሚባሉ የደረቁ ሐይቆች ላይ ወስደው ይለቋታል። የሚፈልጉት ዕቃ ሱቅ ላይ የለም፣ እራሳቸው ቀጥቅጠው ያወጡታል። በኋላ በፈረንጆች 1960ዎቹ ደግሞ ይቺኑ የኛን ቶፖሊኖ ቦዲ፣ አጭርና ቀላል ስለሆነች፣ ትልልቅ ሞተር እየጫኑባት ለድራግ ውድድር፣ በአጭር ቀጥ ያለ መንገድ ለሚደረገው የፍጥነት ውድድር፣ ተጠቅመውባታል። ስለዚህ አይጢት ላይ ባዕድ ነገር አልሠራሁም።

እዚህ ሀገርስ ቢሆን፣ ይሄ መቀጥቀጥ የሚሉት ነገር መች አዲስ ሆነና። አሰብ ክፍት እያለ፣ በኛ አቆጣጠር ከ1990 በፊት፣ ያ ሁሉ ኤንትሬ፣ የፊያት ጭነት መኪናው፣ በባቲ በሚሌ ሲወርድ ሲወጣ ኮምቦልቻ ነው የሚያድረው፣ ኮፈኑ የተጨራመተ፣ ፓራፋንጎው የተቀደደ፣ ዕቃ እስኪመጣ ማን ይጠብቃል፣ የ200 ሊትር በርሜል ተሰንጥቆ ተዘርግቶ ፓራፋንጎ ይሆናል። ካፖ በርሜል ላይ ነው የተማሩት። እነዛ ለፍጥነት ቀጠቀጡ፣ የኛዎቹ መኪናው ሥራ እንዳይፈታ ቀጠቀጡ፣ እጁ ግን አንድ ነው... አንድ ነው ወይ? አላውቅም፣ የኛዎቹን የመዘገበ ስለሌለ ነው መሰለኝ እንደዛ የምለው። መጽሔትም ማኅበርም አልነበራቸውም። ስቱኮ ስር ነው ያሉት።

እና እኮ እኔ ያንን ነው ልቆርጥ የሆነው።

ጣራዋን ስቆርጥ ምንም አልተሰማኝም ነበር፣ ሰምታችሁኛል፣ እየዘፈንኩ ነው የቆረጥኩት። ጣራው የፋብሪካ ነው፣ ማሽን ነው የተጫነው። ይሄ ግን... አዲሱን ፓራፋንጎ ስሠራ ምን እንደማደርግ ላስረዳችሁ፣ ከዛ የምለው ይገባችኋል። መጀመሪያ ካርቶን ቆርጬ ልኩን አወጣለሁ፣ ከዛ 1 ሚሊ ላሜራ፣ አሸዋ የሞላ የቆዳ ከረጢት ላይ አስቀምጬ በወይራ መዶሻ መሃሉን እመታዋለሁ፣ መሃሉ እየሳሳ ይለጠጣል፣ ስለዚህ ይጎደጉዳል። ጠርዙ ግን ትርፍ ይሆንና እንደ ቀሚስ ዘርፍ ይሸበሸባል። ሽብሽቡን በፒንሳ ሰብስቤ፣ በእሳት አቅልቼ፣ ቶሎ ቶሎ ከጫፉ ወደ ውስጥ እመታዋለሁ፣ ብረቱ ወደ ራሱ ይገባል፣ ይወፍራል፣ ቅርጹን ይይዛል። ብዙ ከመታችሁት ይደድራል፣ እምቢ ይላል፣ ያኔ እንደገና ማቅላትና ቀስ ብሎ እንዲበርድ መተው ነው። መጨረሻ ላይ በብረት መዶሻ ማለስለስ አለ፣ እሱ ላይ ነው ካፖ ያሰቃዩኝ። አዲሱ ምት ያለፈውን ግማሽ ይደርባል፣ ሁሌ ግማሽ፣ አንድ ቦታ ከዘለልክ ላሜራው ያስታውሰዋል ይሉኝ ነበር።

እና ያን ቀን እሳቸው መስጂድ እያሉ የራሴን ፓራፋንጎ አንስቼ ከሥሩ ዳሰስኩት። ከዛ ያንን ቁራጭ ዳሰስኩት። ከዛ እንደገና የራሴን። ግማሽ በግማሽ ነው። ጎኑ ይለያል እንጂ አረማመዱ አንድ ነው። እኔ ሰውየውን አላውቃቸውም፣ ፎቷቸውን አላየሁም፣ ግን መዶሻ ሳነሳ የማነሳው እንደሳቸው ነው።

እዚህ ጋ ነበር መልሱን ያገኘሁ የመሰለኝ። ለዛ ነው ቁረጠው ያሉኝ፣ እጁ እኔ ጋ ስላለ ቁራጩ ላይ አታልቅስ ማለታቸው ነው ብዬ፣ ደስ ብሎኝ፣ እንደውም ለኤፒሶድ ርዕስ ሁሉ አዘጋጅቼ።

ከዛ ቅዳሜ እቤታቸው ቡና ተጠራሁ። እትዬ፣ ባለቤታቸው፣ ቶናውን እየቀዱ፣ እኔ አፌ አላርፍ ብሎኝ የአለቃዎን ሥራ መኪናዬ ላይ አገኘን እኮ አልኩ። ካፖ ዝም አሉ። እትዬ ጀበናውን አስቀምጠው «ያ መዶሻ ያላስነካህ ሰውዬ?» አሏቸው። ዓመታት ሙሉ በናፍጣ ብሎን ሲያሳጥቧቸው ነው የኖሩት ማለት ነው፣ ሲመቷቸውም ነበር፣ እንዲህ እጃቸው ላይ። ካፖ «ተይው አንቺ፣ የሞተ ሰው ነው» አሉና ሌላ ወሬ አነሱ።

እና አሁን ያ «ቁረጠው» እንደገና ሌላ ሆነብኝ። ጥላቻ ነው ወይ? እንደዛ ከሆነ ለምን ያን ያህል ቆዩበት፣ ለምን ወደ ላይ ተመልሰው ዳሰሱት፣ የጠሉትን ሰው እጅ እንደዛ ማን ይዳስሳል። ወይስ ሁለቱም ነው። ወይስ እኔ ነኝ እዛ ላይ የምጨምርበት፣ እሳቸው ናሱ ይውጣ ነው ያሉት፣ ዙሁር ረፍዶባቸው ነበር፣ አለቀ። ብጠይቃቸው ይነግሩኛል ብዬም አላስብም፣ መጠየቁም ደፋር መሆን መሰለኝ፣ እንደ አባት ነው የማያቸው።

ቁራጩን ከነናሱ አውጥቼ ላስቀምጠው ብዬ አስቤ ነበር። ግን የት? ግድግዳ ላይ ብሰቅለው በየቀኑ ሊያዩት ነው፣ እኔን ሊማርከኝ ይችላል፣ እሳቸውን ግን በተመቱበት ነገር ፊት ለፊት አቁሜ ማሠራት... አይ። ደብቄ ባስቀምጠው ደግሞ ያው ስቱኮ ስር መለስኩት ማለት ነው።

እና አልቆረጥኩትም እስካሁን። ላሜራው ተገዝቷል፣ ካርቶኑም ተለክቷል። ካፖም አልጠየቁኝም፣ እሱም እራሱ ይገርመኛል፣ ሥራ ሲዘገይ እንዴት እንደሚሆኑ ታውቋቸዋላችሁ።

አይ እሺ፣ የሞተሩን ነገር ላንሳና ልሂድ። የማርሽ ሳጥኑ ወለሉን ነክቷል፣ ማርሽ ሳጥኑ የሚገባበት የወለሉ ዋሻ ጠቦናል፣ ዲኤክስ ሰፊ ነው አይጢት ደግሞ ጠባብ ናት፣ ስለዚህ መሃል ወለሏን ቆርጬ አዲስ ዋሻ ልሠራላት ነው፣ እሱ እንኳን ቀላል ነው፣ ወለሉ የፋብሪካ ነው፣ የማንም እጅ የለበትም... ማለቴ የለበትም ብዬ ነው የማስበው፣ ምንጣፉን ነው እንጂ ያነሳሁት ከሥር በኩል ገና አላየሁትም...