ደም ከተቀዳ በኋላ ያለችው ሰዓት

እንደምን አደራችሁ! የተከበራችሁ የላብራቶሪ ባለሙያዎች፣ ነርሶችና የጤና ጣቢያ ኃላፊዎች፤

ዛሬ የማነሣው የስኳር ናሙና ከክንድ ወጥቶ ማሽን ላይ እስኪገባ ስለሚያልፈው ጊዜ ነው።

ደሙ ቲዩብ ውስጥ ከገባም በኋላ ሴሎቹ በሕይወት አሉ። ስኳሩን መብላታቸውን ይቀጥላሉ። በክፍል ሙቀት በየሰዓቱ ከ5 እስከ 7 በመቶ ያህል ይቀንሳል። ሙቀት ሲጨምር ደግሞ ይብሳል። ሰመራ ወይም ጋምቤላ መብራት ሲጠፋ ክፍሉ እንዴት እንደሚግል የሠራችሁበት ታውቁታላችሁ።

እስቲ አንዲት እናት እናስብ። ቁርስ ሳይበሉ መጥተው 2 ሰዓት ተኩል ላይ ደም ሰጡ። ስኳራቸው 132 ሚሊግራም በዴሲሊትር ነበር፤ ሳይበሉ ተለክቶ 126 ከደረሰ የስኳር በሽታ ነው እንላለን። ናሙና እስኪጠራቀም ተብሎ ቲዩቡ ሬክ ላይ ቆየ። 4 ሰዓት ተኩል ላይ ማሽኑ 117 ገደማ አነበበ። ኮንትሮሉ፣ ማለትም ውጤቱ አስቀድሞ የሚታወቀው የማሽን መፈተሻ ናሙና፣ ልክ ነው፣ ማሽኑም ደህና ነው። እሳቸው ግን "ስኳር አልያዘዎትም" ተብለው ወደ ቤታቸው ሄዱ። መቼ እንደሚመለሱ ማን ያውቃል? እኔን እንቅልፍ የሚነሣኝ ይሄ ነው።

"ግራጫ ክዳን እንጠቀማለን" የምትሉ አላችሁ፤ ሴሎቹ ስኳሩን እንዳይበሉ ፍሎራይድ የተጨመረበትን ቲዩብ ማለታችሁ ነው። ጥሩ ነው፤ ግን አይበቃም። ፍሎራይድ የሚያግደው ኢኖሌዝ የሚባለውን ኢንዛይም ነው። እሱ ያለው ሴሉ ስኳሩን የሚሰባብርበት ሂደት መጨረሻ አካባቢ ስለሆነ ከእሱ በፊት ያሉት ኢንዛይሞች ለጊዜው ሥራቸውን አያቆሙም። በመጀመሪያዎቹ አንድ ሁለት ሰዓታት ስኳሩ መውረዱ አይቀርም። ሲትሬት ያለበት ቲዩብ ቶሎ ያቆመዋል፤ ግን ስንቶቻችን ጋ አለ?

ስለዚህ ግራጫውን ቲዩብ ወዲያው በረዶና ውኃ ውስጥ ክተቱት፤ በ30 ደቂቃ ውስጥ ሴንትሪፊዩጅ አድርጋችሁ (በማሽን አሽከርክራችሁ) ፕላዝማውን፣ ማለትም የደሙን ፈሳሽ ክፍል፣ ለዩ። ከሴሎቹ ከተለየ የሚበላው የለም። የፖታሲየም ናሙና ግን በረዶ ውስጥ እንዳትከቱ፣ ውጤቱን በሐሰት ከፍ ያደርገዋል።

ነጭ የደም ሴላቸው እጅግ የበዛ የሉኪሚያ (የደም ካንሰር) ታካሚዎችን በተለይ አደራ እላለሁ፤ የበዙት ሴሎች ቲዩቡ ውስጥ ስኳሩን በፍጥነት ይበሉታል። ውጤቱ 40 ይላል፤ ስኳሩ በእርግጥ እንዲህ የወረደ ሰው ይታመማል፣ ታካሚው ግን ቁጭ ብሎ ያወራል። እንዲህ ሲሆን አዲስ ናሙና ቀድታችሁ ወዲያው ሥሩ።

ነርሶች፣ ደም የቀዳችሁበትን ሰዓት ቲዩቡ ላይ ጻፉልን። ኃላፊዎች፣ ሰዓት ያልተጻፈበትን የስኳር ናሙና ላብራቶሪው እንዲመልስ ፍቀዱ።

አመሰግናለሁ።