ጎረቤቶቹ የተቆረጡበት ዛፍ፦ የመውደቅ አደጋን እንዴት እንመዝን?

[ምስል፦ የካ ተራራ ግርጌ፤ በግማሽ የተመነጠረ የባሕር ዛፍ ደን፤ በመካከሉ አዳዲስ የቆርቆሮ ጣሪያዎች]

ከኮተቤ ወደ ካራ፣ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ፣ ከአስኮ ወደ ቡራዩ ብትሄዱ የምታዩት ይመሳሰላል። ጥቅጥቅ ያለ ባሕር ዛፍ የነበረበት ቦታ አሁን ግቢ፣ መንገድ ወይም ገና ያልተለሰነ ግንብ ሆኗል። በየመካከሉ ግን ሁለትም ሦስትም ዛፍ ቀርቷል፤ ባለቤቱ ለጥላ ብሎ፣ ወይም ነገ ለወራጅና ለማገር ይሆነኛል ብሎ ያስቀረው። ክረምት ሲገባ ቀና ብሎ የሚያየው ሰው ይጨነቃል። አንዱ ያገኘውን ሁሉ ያስቆርጣል። ሌላው «እስከ ዛሬ ቆሞ የለ፣ ምን ይሆናል» ብሎ ይተወዋል። ሁለቱም ሳይመዝኑ ወሰኑ።

ዛሬ የምናየው አመዛዘኑን ነው። አስቀድሜ ግን የማምንበትን ልናገር። በከተማችን ዳርቻ ዛፍን አደገኛ የሚያደርገው አብዛኛውን ጊዜ ዕድሜው ሳይሆን በዙሪያው የተሠራው ሥራ ነው። ስለዚህ ቅጠሉን ከማየታችሁ በፊት «እዚህ ቦታ ባለፉት ጥቂት ዓመታት ምን ተደረገ?» ብላችሁ ጠይቁ።

[ምስል፦ መንገድ ዳር የቆመ ትልቅ ዛፍ፤ ከሥሩ የጀበና ቡና መሸጫ]

ባለሙያ ዛፍ ሲመረምር ሦስት ነገር ይጠይቃል። ዛፉ ወይም ቅርንጫፉ የመሰበር ዕድሉ ምን ያህል ነው? ቢሰበር ሰው ወይም ንብረት ላይ የማረፍ ዕድሉስ? ቢያርፍ ጉዳቱ ምን ያህል ይከፋል? ዓለም አቀፉ የአርቦሪካልቸር (የዛፍ እንክብካቤ) ማኅበር ሦስቱን አጣምሮ ውጤቱን በአራት ደረጃ ያስቀምጠዋል፦ ዝቅተኛ፣ መካከለኛ፣ ከፍተኛና እጅግ ከፍተኛ። ግምቱም የጊዜ ገደብ አለው፤ ለምሳሌ «ከዛሬ እስከ መጪው ዓመት» ይባላል። ያለ ጊዜ ገደብ ከተጠየቀማ የማይወድቅ ዛፍ የለም።

ብዙ ሰው የሚዘለው ሁለተኛውን ጥያቄ ነው። ሰው የማይደርስበት ሸለቆ ውስጥ የበሰበሰ ግራር ማንንም አያሰጋም። ደህና የሚመስል ዛፍ ግን ከሥሩ ሰው የሚውልበት ከሆነ መመርመር አለበት። በቁጥር እንየው። በአንድ ዛፍ ሥር በቀን 200 ሰው ያልፋል እንበል፤ እያንዳንዱ የዛፉን ክልል ለማለፍ 10 ሰከንድ ይፈጅበታል። ሲደመር ከ24 ሰዓት ውስጥ ሰው የሚገኝበት ጊዜ 33 ደቂቃ ገደማ ነው። እዚያው ሥር ጀበናዋን ጥዳ 10 ሰዓት የምትቀመጥ እህት ግን ብቻዋን 600 ደቂቃ ትገኛለች። ደንበኞቿን ሳንቆጥር ማለት ነው። ስለዚህ የሚያስጨንቀኝ ከአላፊው ይልቅ ተቀማጩ ነው፦ የጉሊት ቦታ፣ የባጃጅ መቆሚያ፣ የታክሲ ሰልፍ፣ ልጆች የሚተኙበት ክፍል። አላፊውም ቢሆን ዝናብ ሲመጣ ሮጦ ዛፍ ሥር ይጠለላል። ዛፉ በንፋስ በሚናጥበት፣ መሬቱም በራሰበት ሰዓት ከሥሩ ያለው ሰው ይበዛል ማለት ነው። መብረቅም አለና ዛፍ ሥር መጠለል ቢቀር ይሻላል።

ክልሉ እስከ የት ይደርሳል? ቢያንስ የዛፉን ቁመት ያህል፣ በሁሉም አቅጣጫ። ቁመቱን ለመለካት ዱላ ይበቃል። ክንዳችሁን ቀጥ አድርጋችሁ ከዓይናችሁ እስከ ጭብጣችሁ ካለው ርቀት ጋር እኩል የሆነ ዱላ ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ። የዱላው ታች የግንዱን ሥር፣ የዱላው ጫፍ የዛፉን አናት እስኪነካ ወደ ኋላ ሂዱ። የቆማችሁበት ቦታ ከዛፉ ያለው ርቀት የዛፉ ቁመት ነው ማለት ይቻላል። እንደ እንጦጦ ባለ ዳገት ላይ ከሆናችሁ ወደ ላይም ወደ ታችም አትሂዱ፤ ወደ ጎን ሂዱና ለኩ፤ አለዚያ ልኩ ይዛባል።

[ምስል፦ ቀጭንና ረጅም ባሕር ዛፎች በንፋስ ሲወዛወዙ]

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ባሕር ዛፍ በዐፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ1880ዎቹ ማብቂያ ገደማ፣ ማገዶ ከተማዋን በቸገራት ጊዜ መጥቶ ተራሮቹን ያለበሰ ዛፍ ነው። ተጠጋግቶ ሲተከል እያንዳንዱ ለብርሃን ሲሽቀዳደም ይረዝማል እንጂ አይወፍርም፤ ንፋሱን የሚመክቱለት በዙሪያው ያሉት ናቸው። ግንዱና ሥሩም ለዚያ ጥግ በሚበቃ ልክ ነው የሚያድጉት። ታዲያ በዙሪያው ያሉት በአንድ ሳምንት ተመንጥረው እሱ ብቻውን ሲቀር፣ ከዚያ በፊት ነክቶት የማያውቀውን ንፋስ በሙሉ ይቀበላል። የንፋስ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ግንዱ ለዚህ እስኪጠነክር ዓመታት ይፈልጋል።

ይህን መለካት ይቻላል። በደረታችሁ ከፍታ፣ ከመሬት 1.3 ሜትር ላይ፣ የግንዱን ዙሪያ በሜትር ለኩና ለ3.14 አካፍሉት፤ ዲያሜትሩን ታገኛላችሁ። ከዚያ ሁለቱንም በአንድ መለኪያ፣ በሜትር ወይም በሴንቲሜትር፣ አድርጋችሁ ቁመቱን ለዲያሜትሩ አካፍሉ። ለምሳሌ ዙሪያው 66 ሴንቲሜትር የሆነ ዛፍ ዲያሜትሩ 21 ሴንቲሜትር ነው፤ ቁመቱ 22 ሜትር ከሆነ ውጤቱ 105 ገደማ ይመጣል። ዛፍን በዓይን የመመርመሪያ ስልት የቀየሰው ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ክላውስ ማቴክ ለብቻው የቆመ ዛፍ ከ50 በላይ ሲያመጣ ጥንቃቄ እንደሚያሻ ጽፏል። 105 በደን መካከል የተለመደ ነው። ብቻውን ቆሞ መኝታ ቤት አጠገብ ሲሆን ግን የሚያሳስብ ነው።

ለዚህ ነው ቦታ ስታስመነጥሩ አንድ አንድ ዛፍ እዚህም እዚያም አትተዉ የምለው። ማስቀረት ከፈለጋችሁ በቡድን አስቀሩ፤ ወይም ነጠላዎቹን ቆርጣችሁ በምትኩ ወይራ፣ ጽድ ወይም ዝግባ ትከሉ። ከልጅነቱ ንፋስ እየተቀበለ ያደገ ዛፍ ግንዱም ሥሩም በዚያው ልክ ይጠነክራል።

[ምስል፦ ለውሃ መስመር የተቆፈረ ቦይ፤ በቦዩ ግድግዳ ላይ የተበጠሱ ሥሮች]

ሁለተኛው ሥራ ቁፋሮ ነው። አንድ አባት ግቢ ገብታችሁ ዛፉን ሲያሳዩአችሁ «አባባ፣ ይህ ቦይ መቼ ተቆፈረ?» ብላችሁ ጠይቁ። «አምና፣ ልጄ፣ ውሃ ሲገባ» ካሉ ምርመራው ከዚያ ይጀምር። የዛፍ ሥር ብዙ ሰው እንደሚያስበው ወደ ታች ጠልቆ የሚሄድ አይደለም፤ አብዛኛው በላይኛው አንድ ሜትር አፈር ውስጥ ወደ ጎን የተዘረጋ ነው። ከግንዱ አንድ ሜትር ርቆ ያለፈ ቦይ በዚያ በኩል ያለውን አብዛኛውን መያዣ ይበጥሳል። ቦዩ ተደፍኖ፣ ኮብልስቶን ተነጥፎ፣ ዛፉም ለምልሞ ሊታይ ይችላል። ቅጠሉ ማረጉ ሥሩ መያዙን አያረጋግጥም።

በብሪታንያ የግንባታ ደንብ ከዛፍ ዙሪያ እንዳይነካ የሚተወው ርቀት የግንዱ ዲያሜትር 12 እጥፍ ነው። ዲያሜትሩ 30 ሴንቲሜትር ለሆነ ዛፍ 3.6 ሜትር ይሆናል። በእኛ ጠባብ ቦታዎች ይህን ሁሉ ማግኘት ይከብዳል። ቢያንስ ግን መስመሩን ማጠፍ፣ ካልሆነም በእጅ ቆፍሮ ቱቦውን ከትልልቆቹ ሥሮች በታች ማሳለፍ ይቻላል። ኤክስካቫተሩ ከመግባቱ በፊት ከሥራ ተቋራጩ ጋር መነጋገር የባለቤቱ ፈንታ ነው።

አፈሩም ልዩነት ያመጣል። በእንጦጦ ዳገት ላይ በብዙ ቦታ አፈሩ ስስ፣ ከሥሩ ዐለት ነው፤ ሥሩ ጠልቆ የሚይዘው የለውም። ወደ አቃቂ ደግሞ ጥቁር አፈር ነው፤ በበጋ ተሰነጣጥቆ ቀጫጭን ሥሮችን ይበጥሳል፣ በክረምት አብጦ ይለሰልሳል። ዛፍ ተመንግሎ የሚወድቀው ብዙ ጊዜ መሬቱ ለቀናት ዝናብ ጠጥቶ ከላይ ንፋስ ሲመጣ ነው።

[ምስል፦ ከአንድ አሮጌ ጉቶ ዙሪያ የበቀሉ አምስት ረጃጅም ግንዶች]

ይህን ደግሞ በየግቢው ታገኙታላችሁ፤ ማንም እንደ አደጋ አያየውም። ባሕር ዛፍ ሲቆረጥ ከጉቶው ያቆጠቁጣል። አዲሶቹ ቀንበጦች የሚወጡት ከጉቶው መሐል ሳይሆን ከጠርዙ፣ ከቅርፊቱ ሥር ነው። ጉቶው በመጋዝ የተቆረጠበት ፊት እየበሰበሰ ሲሄድ ቀንበጦቹ ግን አጣና፣ ከዚያም ግንድ ይሆናሉ። አምስቱ ለብርሃን ሲሉ እያንዳንዳቸው ወደ ውጭ ይዘምማሉ፤ የያዛቸው ጎን ለጎን የተለጠፉበት ጠርዝ ብቻ ይሆናል። ጉቶው በተደጋጋሚ የተቆረጠ ከሆነ የባሰ ነው። ጎንበስ ብላችሁ ግንዱ ጉቶውን የሚነካበትን ቦታ እዩ። ክፍተት፣ ጥቁር ዱቄት የመሰለ ብስባሽ ወይም የምስጥ አፈር ካለ፣ ግንዱም ወደ ቤት የዘመመ ከሆነ አታዘግዩ። በልጅነታቸው አሳስታችሁ አንድ ወይም ሁለት ብቻ አስቀሩ፤ ከጉቶው ዝቅ ብሎ የበቀለውን፣ ንፋሱ በሚመጣበት በኩል ያለውን ምረጡ፤ ንፋሱ ወደ ጉቶው ይገፋዋልና። ቤት አጠገብ ከሆነ ለአጣና ሲደርስ ቆርጣችሁ ተጠቀሙበት እንጂ 20 ሜትር እስኪደርስ አትጠብቁ።

ግንዱ ባዶ የሆነ ዛፍስ? እዚህ ላይ በከንቱ የሚጠፉ ትልልቅ ዛፎች ያሳዝኑኛል። በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ያለ ሽማግሌ ዝግባ ወይም ጽድ ውስጡ ክፍት ሆነ ማለት ሊወድቅ ነው ማለት አይደለም። ቀርቀሃን አስቡት፤ ባዶ ነው፣ ግን ይቆማል። ዲያሜትሩ 40 ሴንቲሜትር በሆነ ግንድ ዙሪያውን 6 ሴንቲሜትር ጤናማ እንጨት ካለ፣ በስሌት የመታጠፍ ጥንካሬው የሚቀንሰው ሩብ ያህል ብቻ ነው። ማቴክም የሚያስጠነቅቀው ጤናማው ግድግዳ ከራዲየሱ አንድ ሦስተኛ ገደማ በታች ሲሳሳ ነው። በመጥረቢያ ጀርባ ግንዱን ዙሪያውን አንኳኩ፤ ድምፁ የሚለወጥበት ቦታ ባዶ ሊሆን ይችላል። ቀዳዳ ካለ ቀጭን ፌሮ አስገብታችሁ ጥልቀቱን ለኩ። ቀዳዳው በአንድ በኩል ሰፊ አፍ ከከፈተ ወይም ስንጥቅ ካለበት ግን ስሌቱ አይሠራም፤ ባለሙያ ይየው። ከግንዱ ሥር የሚወጣ ጠንካራ የጅብ ጥላም ሥሩ እየበሰበሰ ለመሆኑ ምልክት ነው። የጅብ ጥላ በዝናብ ወቅት ስለሚጎላ በነሐሴና በመስከረም መለስ ብላችሁ እዩ።

[ምስል፦ ከቅርንጫፍ ላይ የተንጠለጠለ ቱንቢ]

የዘመመ ዛፍ ሁሉ አይወድቅም። ሲዘም ቆይቶ አናቱ ወደ ላይ የተመለሰ ከሆነ ራሱን አስተካክሎ ኖሯል። አዲስ ዝመት ግን ሌላ ነው፦ አናቱም አብሮ ያዘነበለ፣ ከዘመመበት ተቃራኒ በኩል መሬቱ የተሰነጠቀ ወይም ያበጠ ከሆነ ያን ዕለት ሰው ከክልሉ ይውጣ። ከተጠራጠራችሁ ከግንበኛ ቱንቢ ተዋሱ፤ ከግንዱ ላይ አንጠልጥላችሁ የሚያርፍበትን ቦታ በችካል ምልክት አድርጉ፤ በሳምንቱም አወዳድሩ።

ባላውንም ተመልከቱ። ሁለቱ ግንዶች በሰፊው ተከፍተው ከተገናኙ ጥሩ ነው። በጠባቡ ተጣብቀው ቅርፊት በመካከላቸው ከገባ ያ መገጣጠሚያ ደካማ ነው። የደረቀ ቅርንጫፍን ደግሞ ማንም ያውቀዋል። የቅርንጫፍን ክብደት ግን የምናሳንስ ይመስለኛል፤ እርጥብ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ውፍረቱ 10 ሴንቲሜትር፣ ርዝመቱ 3 ሜትር ቢሆን 24 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ለዚያውም ከከፍታ ነው የሚመጣው።

[ምስል፦ አናቱ በሙሉ የተቆረጠ ዛፍ]

መዝናችሁ አደጋው ከፍ ያለ ሆነ እንበል። መጀመሪያ የሚንቀሳቀሰውን አንቀሳቅሱ። የቡናውን መሸጫ፣ የልጆቹን አልጋ፣ የባጃጁን መቆሚያ ከክልሉ ማውጣት ዛፍ ከመቁረጥ ይረክሳል፤ ዛሬ ማታ ማድረግም ይቻላል። ቀጥሎ የደረቀውንና የተሰነጠቀውን ቅርንጫፍ ማስወገድ ነው። አናቱን ከላይ ማስገመስ ግን አትሞክሩ። ከቁስሉ ሥር የሚወጡት ቀንበጦች እንደ ጉቶው ልጆች ከጠርዝ የተለጠፉ ናቸው፤ በጥቂት ዓመት ውስጥ የበለጠ አደገኛ ዛፍ ይሆንባችኋል። ሙሉ በሙሉ መቆረጥ ካለበት ከወረዳችሁ ፈቃድ ጠይቁ፤ በተለይ አገር በቀል ከሆነ። ዛፉ ኤሌክትሪክ መስመር አጠገብ ከሆነ ዘመድም ጎረቤትም አይውጣበት፤ ሥራው የመብራት ኃይል ሰዎች ነው።

ምርመራውን በግንቦት፣ ክረምት ሳይገባ አድርጉት፤ ከከባድ ንፋስ በኋላም ድገሙት።

ዛፍ ወድቆ ሽቦ ከበጠሰ ሽቦው ኃይል የለውም ብላችሁ አትገምቱ። እርጥብ እንጨትም እርጥብ መሬትም ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ ቢያንስ 10 ሜትር ራቁ፣ ልጆችንም አርቁ። በአዲስ አበባ የእሳትና አደጋ ሥጋት መሥሪያ ቤት የሚገኘው በ939 ነው። ስትደውሉ የተያዘ ሰው መኖሩን፣ ሽቦ መበጠሱን፣ መኪና እስከ የት መግባት እንደሚችል ተናገሩ፤ ሰፈሩ የመንገድ ስም ከሌለው በአቅራቢያው ያለውን ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ ወይም ትምህርት ቤት ጠቁሙና አንድ ሰው ዋናው መንገድ ላይ ወጥቶ ይጠብቃቸው።